ሙግቱን ይበልጥ የሚያጠናክረው የቱ ነው?

በፈተና ዝግጅት ክፍሎቻችን ተማሪዎች አብዝተው ከሚሳሳቱባቸው ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ከሚከተሉት ውስጥ፣ እውነት ቢሆን፣ ከላይ የቀረበውን ሙግት ይበልጥ የሚያጠናክረው የቱ ነው?» ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ አጭር አንቀጽ አለ፣ ከሥሩ አምስት ምርጫ አለ፣ አንዱን ማክበብ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ጥሩ አድርጎ የሚሠራ፣ እንግሊዝኛውም የማያስቸግረው ልጅ እዚህ ላይ ሲደርስ ይስታል። ለምን ይኼን መረጥክ ስንለው «እውነት ስለሆነ ነዋ!» ይለናል። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ጥያቄው የትኛው እውነት እንደሆነ አልጠየቀም።

የዚህ ዓይነት ጥያቄ ዋና ቤቱ ኤልሳት የሚባለው ፈተና ነው። በአሜሪካና በካናዳ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክቱ ሰዎች የሚፈተኑት ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የሕግ መግቢያ ፈተና ይባል እንጂ ስለ ሕግ አንድም ነገር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰው ያቀረበውን ምክንያት መዝኖ የት ላይ እንደሚላላ ማየት መቻልን ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ወዲህ ነጥብ የሚያዝባቸው ክፍሎች ሦስት ናቸው። ሁለቱ የሙግት ጥያቄዎች ናቸው፣ አንዱ ንባብ ነው። ለሙከራ የሚገባና ነጥብ የማይያዝበት አራተኛ ክፍልም አለ። እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ይሰጠዋል። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ሲሆን ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን፦ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩት አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ሰዎችን በመቀመጫ ወይም በቀን የመደርደር እንቆቅልሽ የበዛበት አንድ ክፍል ታገኛላችሁ። ያ ክፍል በ2024 ከፈተናው ወጥቷል። ለኤልሳት ብላችሁ ጊዜ አትፍጁበት።

«ኒው ሀልፋ ተቀምጠን የአሜሪካ የሕግ ፈተና ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። በኢትዮጵያ ተማሪው ወደ ሕግ ትምህርት የሚሄደው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አልፎ እንደሆነ እንደሚታወቀው ነው። ይሁን እንጂ በዚያ በብሔራዊ ፈተና ውስጥ የአፕቲትዩድ ፈተና አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባም በአንደኛ ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይማራል። ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግም የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል። በሁሉም ዘንድ ይኸው የሙግት ነገር አለ፣ ስሙና ክብደቱ ብቻ ይለያያል። የኤልሳቱ ከባዱ ስለሆነ እሱን የለመደ ለሌላው አይቸገርም ብለን ነው ከዚያ የምንጀምረው።

አሁን ወደ ሥራው። ማንኛውም ሙግት መነሻና መደምደሚያ አለው። መነሻው «ይኼ ይኼ ስለሆነ» የሚለው ነው፤ መደምደሚያው «ስለዚህ» ከሚለው በኋላ የሚመጣው ነው። በሁለቱ መካከል ግን ያልተነገረ ነገር አለ። እኛ ክፍተት እንለዋለን። የመስኖ ቦይ የሚያውቅ ሰው ይኼን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃው ከግድቡ ተነሥቷል፣ ማሳው እዚያ ማዶ አለ፣ ቦዩ ግን መሃል ላይ አንድ ቦታ ተደርምሷል። የሚያጠናክረው መልስ ያቺን የተደረመሰች ቦታ የሚጠግን ነው። ግድቡ ላይ ውሃ ቢጨመር፣ ማሳው ምን ያህል ለም እንደሆነ ቢወራ፣ ቦዩ ካልተጠገነ ዋጋ የለውም።

እስቲ ከደጃችን እንነሣ። ኒው ሀልፋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ መሬታቸውን ሊያጥለቀልቅ ሲል ከዋዲ ሀልፋ ለተነሡ ኑብያውያን ነው (ተፈናቅለን እዚህ የመጣነው እኛ ብቻ አይደለንም)። ለእርሻቸው ውሃ የሚሆን በአትባራ ወንዝ ላይ የኸሽም ኤል ግርባ ግድብ ተሠርቶ በ1964 ተጠናቀቀ። መጀመሪያ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዝ ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋ በተከዜና በአትባራ የሚወርደው አፈር ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ያንን አቅም በግማሽ ያህል ቀንሶታል። በሌላ በኩል ደግሞ መስኪት የሚባለው እሾሃም ዛፍ ማሳውንም ቦዩንም ወርሯል፤ ለማገዶ የሚለቅመው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ተነሥተን የሚከተለውን ሙግት ለመልመጃ አዘጋጅተናል፦

«የአንድ የመስኖ እርሻ ምርት ባለፉት ዓመታት ቀንሷል። በእነዚሁ ዓመታት ግድቡ ደለል እየሞላው የሚይዘው ውሃ አንሷል። ስለዚህ ለምርቱ መቀነስ ዋናው ምክንያት ደለሉ ነው።»

ሀ. ደለሉ ከሌላ አገር ተራሮች ታጥቦ የመጣ ነው።
ለ. መስኪት የእርሻውን ብዙ ማሳዎች ወርሯል።
ሐ. መስኪት ፈጽሞ ያልደረሰባቸው ማሳዎችም የሌሎቹን ያህል ምርታቸው ቀንሷል።
መ. በምርቱ መቀነስ ምክንያት ብዙ ገበሬዎች ዕዳ ውስጥ ገብተዋል።
ሠ. ደለል በብዙ አገሮች ግድቦች ላይ የሚታይ ችግር ነው።

ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። እነሱን በወረቀት ሸፍኑና ሙግቱን ለማፍረስ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚል አስቡ። ይኼ ሰው ሁልጊዜ «ምናልባት» ብሎ ነው የሚጀምረው። «ምናልባት ምርቱ የቀነሰው በመስኪቱ ይሆናላ!» «ምናልባት ዘሩ አርጅቶ ይሆናል።» «ምናልባት ቦዩ ተደፍኖ ይሆናል።» ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን ስለታዩ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ክፍተቱ ይኸው ነው። እንግዲህ ከምናልባቶቹ አንዱን የሚዘጋ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ያ ሐ ነው። መስኪት በሌለበትም ምርቱ እኩል ከቀነሰ፣ ጥፋቱን በመስኪት ማላከክ አስቸጋሪ ይሆናል፤ የደለሉ ነገር በዚያው ልክ ይጠነክራል።

ለ ሙግቱን ጭራሽ ያዳክመዋል፣ ሌላ ምክንያት ስለሚያመጣ። ሆኖም በአካባቢያችን እውነት ስለሆነ ብዙ ልጆች ያከብቡታል። ሀም እንደዚያው ነው። አፈሩ ከየትም ይምጣ፣ ምርቱን የቀነሰው እሱ መሆኑን አያሳይም። መ የምርቱ መቀነስ ያስከተለውን ይነግረናል፣ እኛ የምንፈልገው ግን የመጣበትን ነው። ሠ ደለል የተለመደ ችግር መሆኑን ይናገራል፤ እዚህ እርሻ ላይ ስላደረሰው ነገር ዝም ይላል።

አንዳንዱ ተማሪ ሐን ከተቀበለ በኋላ እንኳ «ቲቸር፣ የዘሩ ነገርስ? እሱ መች ተዘጋ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያልተዘጋ ምናልባት ይቀራል። ነገር ግን የተጠየቅነው እንድናጠናክር ነው፣ እንድናረጋግጥ አይደለም። ሙግቱ ከነበረበት ትንሽም ቢሆን ወደ ፊት ከሄደ፣ ሌሎቹ አራቱ ደግሞ ካላንቀሳቀሱት፣ መልሱ እሱ ነው። ሙሉ ማረጋገጫ የሚፈልግ ልጅ አምስቱንም ጥሎ ጊዜውን ይጨርሳል።

«እውነት ቢሆን» የሚለውን ሐረግ ደግሞ አትዝለሉት። ፈተናው አምስቱንም ምርጫዎች ለጊዜው እውነት ናቸው ብላችሁ እንድትቀበሉ ያዛችኋል። «እዚህ አገር እንዲህ አይደለም» ብሎ መከራከር አይቻልም። የእናንተ ሥራ እውነት ነው ከተባለ በኋላ ለሙግቱ ምን ይሠራለታል ብሎ መመዘን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ጠንከር ያሉ ቃላት እዚህ አያስፈሩም። በሌሎች የጥያቄ ዓይነቶች «ሁሉም»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቻ» ሲባል ተጠራጠሩ ብለን እናስተምራለን። በማጠናከሪያ ጥያቄ ግን ይኼ ምክር ይገለበጣል። ከላይ ሐ ውስጥ «ፈጽሞ ያልደረሰባቸው» ባይል ኖሮ ጉልበቱ ይቀንስ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ መምህራንን ይበልጥ የሚመለከት ነው፦ «በማታ የጥናት ቡድን የተሳተፉ ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ካልተሳተፉት የተሻለ ውጤት አመጡ። ስለዚህ የጥናት ቡድኑ የተማሪዎችን ውጤት ያሻሽላል።» ይኼን ሙግት ያላየ መምህር ያለ አይመስለንም፣ የፕሮጀክት ሪፖርት ሁሉ የተሞላው በዚህ ነው። አሁንም «ምናልባት» እንበል። ምናልባት ወደ ቡድኑ የመጡት ድሮም ጎበዞች የነበሩት ናቸው። ምናልባት ውሃ መቅዳትና ታናናሾችን መጠበቅ የሌለባቸው ናቸው፤ ይኼ ደግሞ ሴት ልጆችን አብዝቶ ያስቀራቸዋል። እንግዲህ ከምርጫዎቹ መካከል «ትምህርት የሰው ልጅ ሁሉ መብት ነው» የሚል ቢኖር፣ «ተማሪዎቹ ቡድኑን በጣም ወደውታል» የሚል ቢኖር፣ «ቡድኑ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ወገን ተማሪዎች ውጤት ተመሳሳይ ነበር» የሚልም ቢኖር፣ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ሦስተኛው ነው መልሱ። ልጆቻችን ግን የመጀመሪያውን የመምረጥ ዝንባሌ አላቸው፣ ለምን እንደሆነም ይገባናል። ትምህርት ብዙ ነገር ያስከፈለው ሰው «መብት ነው» የሚለውን ሲያነብ እጁ ወደዚያው ይሄዳል። ፈታኞቹም ይኼን ያውቁታል፤ ልብ የሚነካ፣ ማንም የማይቃወመው፣ ለሙግቱ ግን ምንም የማይሠራ ምርጫ ሆን ብለው ያስገባሉ። መደምደሚያውን መውደድና መደምደሚያውን ማጠናከር ለየቅል ናቸው።

በአገራችን በላ ልበልሃ የሚባል የሙግት ሥርዓት እንደነበረ ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው ይጠያየቃሉ፣ ይወራረዳሉ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሕዝቡን ያስደንቃል። እኛ እንደ ክፍል ሥራ እንጠቀምበታለን፣ አንድ ለውጥ አድርገንበት፦ በሚያምር ቃል ነጥብ አይገኝም። ሁለት ተማሪ ይወጣል። አንዱ ሙግቱን ያነባል፣ ሌላው «ምናልባት» እያለ ይቃወማል፣ የተቀረው ክፍል ያንን የሚዘጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። መጽሐፍ አይጠይቅም፣ ኮፒ አይጠይቅም፣ መብራት በሌለበትም ይሠራል። ተማሪዎቹ የሚሟገቱበት አንድ ጉዳይ እነሆ፦

«ይህች ፍየል የከሳሽ ናት። ጆሮዋ ላይ የተተለተለው ምልክት ከሳሽ በፍየሎቹ ሁሉ ላይ የሚያደርገው ምልክት ነውና።»

ተከሳሽ ሆነው የሚቆሙት ልጆች ወዲያው «ምናልባት ሌላም ሰው እንዲህ ዓይነት ምልክት ያደርግ ይሆናል» ይላሉ። ከተቀረው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሐሳብ ይመጣል። አንደኛው «ከሳሽ በሐቀኝነቱ የታወቀ ሰው ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «በመንደሩና በዙሪያው ይኼን ምልክት የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም» የሚል ነው። እዚህ ላይ ጠንካራ ክርክር ይነሣል። ሐቀኝነቱ አይረዳም ማለት አይቻልም፣ ትንሽ ይረዳል፤ ሐቀኛ ሰው የሰው ፍየል የእኔ ናት አይልም። ግን ሐቀኛም ሰው ይሳሳታል፤ ሙግቱም የቆመው በሰውየው ጠባይ ላይ ሳይሆን በምልክቱ ላይ ነው። ሁለተኛው ምልክቱንና ባለቤትነቱን በቀጥታ ያገናኛል። «ይበልጥ» የምትለው ቃል በጥያቄው ውስጥ የገባችው ለዚህ ነው። ሁለት ምርጫ ሁለቱም የሚረዱ መስለው ከታዩ፣ የሙግቱን የራሱን መነሻ ይዞ የሚሄደውን ውሰዱ።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር እንበል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና። እኛ «አንዳንድ ሰዎች» ስንል ጥቂት ሰዎች ማለታችን ነው፣ ሁሉም እንዳልሆኑም አብረን እንናገራለን። በፈተናው እንግሊዝኛ ግን «አንዳንድ» ብለን የምንተረጉመው ቃል «ቢያንስ አንድ» ማለት ነው፣ ሁሉም ሊሆኑም ይችላሉ። ስለዚህ «አንዳንድ ገበሬዎች አዲስ ዘር ዘርተዋል» የሚል ምርጫ ስታዩ አንድ ገበሬ ብቻ አስቡ። በአንድ ገበሬ የሚጠነክር ሙግት ጥቂት ነው። «አብዛኛው» ደግሞ ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ትርጉም አትጨምሩበት።

የ«በስተቀር» ጥያቄም አለ፦ «ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ሙግቱን ያጠናክራሉ፤ የማያጠናክረው የቱ ነው?» እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚያዳክም ምርጫ ይፈልጋሉ። የግድ አይደለም። መልሱ ብዙ ጊዜ ምንም የማይነካ፣ ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ነው።

ምርጫውን ገልብጦ የመሞከር ዘዴ ጎበዝ ተማሪዎች ዘንድ ይወደዳል፦ ምርጫው ሐሰት ቢሆን ሙግቱ ይፈርሳል ወይ ብሎ መጠየቅ። ይኼ ዘዴ ሙግቱ የግድ የሚያስፈልገውን ግምት ለሚጠይቅ ጥያቄ የተሠራ ነው። ለማጠናከሪያ ግን ያሳስታል። አንድ ምርጫ ሙግቱን በጣም አጠናክሮ፣ ሲገለበጥ ግን ሙግቱን ላይጥለው ይችላል። በዚህ ፈተና ዘዴ ከማብዛት አንዲቱን «ምናልባት» አጥብቆ መያዝ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ጊዜን በተመለከተ፣ በ35 ደቂቃ ሃያ አምስት ያህል ጥያቄ ስለሚመጣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዓት አትያዙ። ቀስ ብሎ አሥር ጥያቄ ሠርቶ የአምስቱንም ምርጫ ምክንያት በቃሉ ማስረዳት የሚችል ልጅ፣ በሩጫ መቶ ጥያቄ ከጨረሰው ይበልጣል። መልሱ ልክ ከሆነ በኋላም «ሌሎቹ አራቱ ለምን ወደቁ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከፈተና ውጭም ይኸው ነገር ይገጥማችኋል። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል በሚሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕም ሆነ በሌላ ስታመለክቱ፣ የምትጽፉት ደብዳቤ ራሱ ሙግት ነው። ብዙዎቻችሁ የምታሳዩን ረቂቅ «ስደተኛ ነኝ፣ ብዙ ተቸግሬአለሁ፣ ስለዚህ ዕድሉ ይሰጠኝ» የሚል ነው። ችግሩ እውነት ነው፣ ማንም አይጠራጠረውም። አንባቢው ግን እጁ ላይ የተቸገሩ ሰዎች ደብዳቤ ሞልቶታል። የእሱ «ምናልባት» ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ምናልባት ጀምሮ ያቋርጥ ይሆናል፤ ምናልባት የመረጠውን ትምህርት አያውቀው ይሆናል። ስለ ችግሩ አምስት መስመር ከመጨመር፣ የትምህርት ማስረጃው ጠፍቶበት በራሱ አጥንቶ እንደገና የተፈተነ ልጅ ያንን አንድ መስመር ቢጽፍ ይጠቅመዋል። ደብዳቤውን ለጓደኛችሁ አንብቡለትና «ምናልባት» እያለ ይቃወማችሁ።

በመጨረሻም ለመልመጃ ይኼን እንተውላችሁ። መንደሩም ቁጥሩም ለጥያቄው ሲባል የተፈጠረ ነው።

«በአንድ መንደር ለነዋሪዎች አጎበር ታደለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት በመንደሩ በወባ የሚታመሙ ሰዎች ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ ለበሽታው መቀነስ ምክንያቱ አጎበሩ ነው።» ከሚከተሉት ውስጥ፣ እውነት ቢሆን፣ ይህን ሙግት ይበልጥ የሚያጠናክረው የቱ ነው?

ሀ. አጎበሩ የታደለው ኸሪፉ ሊያበቃ ሲል ነው።
ለ. ወባ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ በሽታ ነው።
ሐ. አጎበሩን የተቀበሉ አንዳንድ ሰዎች ደስተኞች መሆናቸውን ተናግረዋል።
መ. ተመሳሳይ ዝናብና ተመሳሳይ የሕዝብ ብዛት ባለው፣ አጎበር ባልታደለበት ጎረቤት መንደር በእነዚሁ ወራት የሕመምተኞች ቁጥር አልቀነሰም።
ሠ. በመንደሩ አጎበር ሲታደል ይኼ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

መልሱን ብቻ አትጻፉልን። መጀመሪያ የተቃዋሚውን «ምናልባት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ቀጥሎ የመረጣችሁትን ፊደል፣ ከዚያ የቀሩት አራቱ የወደቁበትን ምክንያት በአንድ በአንድ መስመር። ወረቀቱን ለየክፍል መምህራችሁ ስጡ፤ በሚቀጥለው እትም መልሱን ከተሻሉት ማብራሪያዎች ጋር እናወጣለን።